ሽማግሌ ያስቆመ ዘንግ

ሦስቱ ሽማግሌዎች የመጡብኝ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር፤ ካምፓላም በኮሮና ሁለት ዓመት ስትዘጋ ስትከፈት ከርማ በፈረንጆቹ 2022 መጀመሪያ ላይ ለይቶላት ተከፍታለች። በሩን ስከፍት ሦስቱም ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቆመዋል። እውነቱን ልናገር፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ ሊያጩኝ የመጡ መስሎኝ ክው ብዬ ነበር።

«ግቡ፣ ግቡ፤ አረፍ በሉ» አልኩ ወንበር እየጎተትኩ።

«አንቀመጥም ልጄ» አሉኝ የሁሉም ታላቅ፣ ከአየር መንገድ ቢሮ ጡረታ የወጡት ሰውዬ። «እሺ ካላልሽን አንቀመጥም።»

ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን ምን እንደሚባል የኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል። «በሞቴ ተቀመጡ፣ ያላችሁት ይሁን» ነው የሚባለው። ነገሩ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ሳላይ የምገዛው ዕቃ የለም።

«መጀመሪያ ምኑን ነው እሺ የምለው?»

«ያንን የመስኮት ማጠቢያ ዘንግ ተዪውና ወደ ወንድምሽ ኩሽና ተመለሽ። ሌላ ነገር አይደለም።»

«እንግዲያው ቁሙ» አልኳቸው።

አዎ፣ እንደዚያው ነው ያልኩት። በኋላ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲያሙኝ ከረሙ፤ ሽማግሌ አቆመች ተባልኩ። አቁሜያለሁ። ሽማግሌዎቹም እኔ አሥራ አንድ ዓመት ምድጃ ሥር ስቆም አንድ ቀን መጥተው ተቀመጪ አላሉኝም።

የላካቸው ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሼ እለዋለሁ፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ካባላጋላ በሚባለው የካምፓላ ሰፈር ምግብ ቤት አለው፣ እኔ ደግሞ ከመኖሪያ ቤቱ ጓሮ ሰርቪሷ ውስጥ ነው የምኖረው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የዚያን ምግብ ቤት ኩሽና የያዝኩት እኔ ነኝ። ደሞዝስ? ኤዲያ! እህት ደሞዝ አላት እንዴ? ምግብ አለሽ፣ ቤት አለሽ፣ ሲያምሽ ሐኪም ቤት የሚወስድሽ ወንድም አለሽ። ክፉ ሰው አይደለም ጋሼ። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ጥዬው ሄጄ አርፍ ነበር።

በፈረንጆቹ 2020 ምግብ ቤቱ ሲዘጋ ጋሼ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ይውላል፤ እኔ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም። መንገድ ትንሽ ሲከፈት፣ ለዓለም አቀፍ ድርጅት የምትሠራ አንዲት ያገር ልጅ የተከራየችውን ቤት ልታስረክብ ነበርና መስኮቶቹን እጠቢልኝ አለችኝ። መሰላል ሰጡኝ። አራተኛው እርከን ላይ ስደርስ ቁልቁል አየሁ፤ ከዚያ በላይ ወይ ፍንክች! ወርጄ አፈር ላይ ተቀመጥኩና በራሴ ተናደድኩ።

ከጎን ያለው ግቢ ውስጥ አንድ ፈረንጅ ዕቃውን ሣር ላይ ዘርግቶ ይሸጣል። የጽዳት ሥራ ነበረው፤ ሁሉ ሲዘጋ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያየኝ ቆይቶ ኖሮ ነይ ነይ ብሎ ጠራኝ። ሦስት ረጃጅም ዘንጎች አሳየኝ። የእያንዳንዱ ዘንግ ክፍል አንዱ በአንዱ ውስጥ ይከተታል፤ ሲመዘዝ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይደርሳል። በውስጡ ቀጭን ጎማ ያልፋል፣ ጫፉ ላይ ብሩሽ አለ፣ ውሃው በብሩሹ ይወጣል። መሬት ላይ ቆመሽ ታጥቢያለሽ። መሰላል የለም። ሳሙና የለም።

«አንዱን ምረጪ» አለኝ።

ሰውዬው መምረጥ የማልችል መስሎት ነበር መሰለኝ። እኔ የሸክላ ድስት በጣቴ እያንኳኳሁ ስገዛ ያደግኩ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ከካርቦን የተሠራው ላይ ነው፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ በሁለት ጣት የሚነሳ። ክፍሎቹን አንድ በአንድ መዝዤ ከታች እስከ ላይ አንኳኳሁት። ኳ፣ ኳ፣ ኳ ሲል ቆይቶ ሦስተኛው ክፍል ላይ ዶፍ አለ። እንደገና አንኳኳሁ፤ ዶፍ። የተሰነጠቀ ድስት ነው እንግዲህ። ፈረንጁን ቀና ብዬ ሳየው ፊቱ ቀላ። አንድ ጊዜ ከፎቅ ወድቆ እንደነበር አመነልኝ።

አሉሚኒየሙ ደህና ነበር፤ ጠንካራ፣ ርካሽ። ግን በካምፓላ መንገድ ቀና ብሎ ያየ ሰው ያውቃል፤ የመብራት ሽቦው እንደ ልብስ ማስጫ ረግቦ በየመስኮቱ ሥር ነው የሚያልፈው። አሉሚኒየም ይዞ እዚያ መቆም ራስን መስቀል ነው። ካርቦንም ቢሆን ኤሌክትሪክ ያሳልፋል አለኝ፤ ይህንን አላውቅም ነበር። ሦስተኛው ፋይበርግላስ ነው፤ ቢጫ፣ ከባድ፣ መልከ ጥፉ። ሲመዘዝ ጫፉ ይወዛወዛል፣ ትከሻ ያስለቅሳል። አንኳኳሁት፤ ከታች እስከ ላይ አንድ ድምፅ ነው። በየክፍሉ መጋጠሚያ ላይ ያሉትን ማጥበቂያዎች ሁሉ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፤ አንዱም አልላላም። ከደንበኞች ጉርሻ ያጠራቀምኩትን ሁሉ ሰጥቼ እሱን ወሰድኩ።

ፈረንጁ ስሄድ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛው፣ ይህንንም ቢሆን ሽቦ አጠገብ እንዳታደርሺው፣ ውሃ የነካው ዘንግ አይታመንም አለኝ። ሁለተኛው፣ ዘይት የሚባል ነገር እንዳይነካው አለኝ። ክፍሎቹን ይዞ የሚያቆማቸው የማጥበቂያዎቹ ንክሻ ብቻ ነው፤ ቅባት ከገባ ንክሻው ያድጣል።

ከዚያ ወዲህ ያንን ዘንግ የያዝኩትን ያህል የያዝኩት ዕቃ የለም። የካምፓላ ቀይ አቧራ በክፍሎቹ መካከል ከገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል። ስለዚህ ከሥራ እንደተመለስኩ ሁሉንም እመዛቸዋለሁ፣ በንጹሕ ውሃ አጥባቸዋለሁ፣ በደረቅ ጨርቅ አብሳቸዋለሁ። የማጥበቂያዎቹን ብሎን አያለሁ። ፀሐይ ላይ አይቀመጥም፤ ፀሐይ የበላው ፋይበር ይሻክርና ስንጥሩ መዳፍ ውስጥ ይገባል። በሰርቪሷ በረንዳ ጣሪያ ሥር፣ ጥላ ላይ፣ አጋድሜ ነው የማስቀምጠው።

ውሃውም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ሳይጠረግ የሚደርቅ መስታወት የቧንቧ ውሃ ከነካው ነጭ ነጥብ በነጥብ ይሆናል። ፈረንጁ ማጣሪያ ነበረው፤ ግን ማጣሪያው የሚበላው ዕቃ ካምፓላ ሲፈለግ አይገኝም። እኔ ያለኝ ምንድን ነው? የቆርቆሮ ጣሪያና የካምፓላ ዝናብ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የከሰል ጥላሸት ይዞ ስለሚወርድ እሱን እደፋዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን በአሸንዳው ሮቶ ውስጥ አስገባለሁ። ውሃ ውስጥ የሟሟውን የምትቆጥር፣ እርሳስ የምታክል መለኪያ አለችኝ፤ ውሃው ውስጥ ስነክራት ቁጥሩ ወደ ዜሮ ከተጠጋ እሰይ! ለመስታወት የሚሆን ውሃ ነው። እግዜር በነጻ የሚያወርደውን ፈረንጅ በማሽን ሲደክምበት ይገርመኛል።

በዚህ ዓይነት ዓመት ከምናምን የሀብታም ቪላ መስኮት ሳጥብ ቆየሁ። በሁለተኛው መዘጋት ጊዜ በሽታው ይዞኝ ሁለት ሳምንት ተኛሁ፤ ተነሣሁ፤ አፍንጫዬ ግን ሽታ መለየት አቆመ። ይኸው እስከዛሬም የሚያርር ሽንኩርት አይሸተኝም። እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ ወደ ኩሽና ተመለሽ የምትባለው።

ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስ፤ እስካሁን ቆመዋል።

«ልጄ፣» አሉኝ ሁለተኛው፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው፣ «የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ።»

«በብብቴ ምን አለ? የሽንኩርት ቢላዋ ነው ያለው።»

ሦስተኛው፣ የሰበካ ጉባኤው ሰው፣ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ነጋዴው ግን አልሳቁም። «ወንድምሽ እኮ አፍሮ ነው። ደንበኞቹ መንገድ ላይ ያዩሻል። እህቱ ዱላ ተሸክማ የሰው መስኮት ታጥባለች ይሉታል።»

«የሰው ሳህን ሳጥብለት መች አፈረ?»

ታላቅየው ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውሩ አየሁ። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አውቃለሁ። ሆዴ ባባ፤ ግን እሺ ከአፌ አልወጣ አለ። በመጨረሻ እንዲህ አልኳቸው።

«አባቴ፣ ስሙኝ። የፊታችን ሐሙስ ካምዎክያ ሰፈር አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ልፈተን ነው። አስተዳዳሪው ሥራዬን ከወደደው ዓመቱን ሙሉ የሕንፃው መስታወት የእኔ ነው፤ በዚያ ደሞ ራሴን ችዬ እኖራለሁ። ካገኘሁት ጋሼ ስለ ዘንጉ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ። ካጣሁት ግን ሰኞ ጠዋት ሽርጤን አስሬ ኩሽናው ውስጥ ታገኙኛላችሁ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ያኔ ተቀመጡ። ሲወጡ ምን ቆርጦኝ ነው ብዬ ራሴን ያዝኩ። ለሦስት ሽማግሌ የተሰጠ ቃል ውሻ አይበላውም። ከሐሙስ በኋላ ወይ የራሴ ሰው ነኝ፣ ወይ እስክሞት የጋሼ ኩሽና ውስጥ ነኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሕንፃውን ለማየት ሄድኩ። አራት ጎን አለው። ሦስቱ ጎን ክፍት ነው፤ በቀኝ በኩል ያለው ግን የመብራት ሽቦው ከመስኮቶቹ የክንድ ርቀት እንኳ የለውም። ያንን ጎን አይቼ ወዲያውኑ ከሐሳቤ ሰረዝኩት። ለፈተናው የታዘዝኩት ፊት ለፊቱን ብቻ ስለሆነ ለአስተዳዳሪው ምንም አላልኩም።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። አብሮኝ የሚሠራው አንድ የቦዳ፣ የሞተር ታክሲ ማለት ነው፣ ነጂ ነው፤ ዘንጉን በሞተሩ ጎን አስሮ፣ ጀሪካኖቹን በሁለት ምልልስ ያመጣል፣ ፓምፑን በመኪና ባትሪ ያስነሳል። ማማ ይለኛል። ደመናማ ነበር፣ ቀዝቀዝ ያለ። ጓንቴን አጠለቅኩና ከቀጭኑ ክፍል ጀምሬ ዘንጉን መዘዝኩ። ወለል ያለ፣ የተወለወለ መሰለኝ። ትናንት ጠዋት በደንብ አብሼው ነው አልኩ።

አስተዳዳሪው ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ስልኩን ከጆሮው የማይነጥል ሰው ነው። መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ኛቦ፣ ሳሙናው የታለ?» አለኝ፤ ኛቦ በነሱ ቋንቋ እመቤቴ ማለት ነው።

«ሳሙና የለም።»

«ማን ነው ከኋላ የሚጠርገው?»

«ማንም አይጠርገውም። ራሱ ይደርቃል።»

«ትቀልጃለሽ?»

«ቆይና እይ» አልኩት።

ከላይ ጀመርኩ። መጀመሪያ ፍሬሙን ፈተግኩ፣ ከዚያ መስታወቱን፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቀለቅሁት። የሁለት ዓመት አቧራ ቀይ ሆኖ ወረደ። የፊት ለፊቱን የግራ ግማሽ ከላይ እስከ ታች ስጨርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ደመናው ተገፈፈና ፀሐይዋ ዘንጉ ላይ አረፈች። ወደ ቀኙ ግማሽ ዞርኩ። ብሩሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ድንገት እጄ ውስጥ አንድ ነገር ተንሸራተተ። ላጠብቀው ስል ሁለተኛው ክፍል ወደ ሦስተኛው ገባ፣ ሦስተኛው ወደ አራተኛው፤ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ወደ ራሱ ውስጥ ሟሸሸ፣ ጣቴን ቆነጠጠኝ፣ ብሩሹ እየተሽከረከረ ወረደና ውሃውን በአስተዳዳሪው ነጭ ሸሚዝ ላይ አርከፈከፈው።

በስመ አብ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እንደገና መዘዝኩት፤ እንደገና ወረደ። ማጥበቂያዎቹን ጥርሴን ነክሼ አጠበቅኩ፤ ወረደ።

«በቃ!» አለ ሰውዬው ሸሚዙን እየጨመቀ። «ሳሙና የለም፣ መጥረጊያ የለም፣ አሁን ደግሞ ዱላውም አይቆምም። ዕቃሽን ሰብስቢና ሂጂልኝ።»

የቦዳው ሰው ዘንጉን አነሣ። ጣቶቹን አሻሸና ወደ አፍንጫው አስጠጋ። «ማማ፣ ይህ ነገር የናንተን ምግብ ይሸታል» አለኝ።

አሸተትኩ። ለእኔ አፍንጫ ምንም የለም። ጓንቴን አውልቄ በባዶ እጄ ስዳስሰው ግን ጣቴን አዳለጠው።

ቤት ስደርስ ጋሼ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። «እህሳ፣ እንዴት ሆነ?» አለኝ።

«ዘንጌን ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ!» አለ፤ በኩራት። «ያባታችን ሽመል እንዴት ነበር የሚያዘው? ቅቤ እየጠጣ አይደለም? ያንቺን ደርቆ አየሁት፣ ሰው መሐል እንዳይሰነጠቅብሽ ብዬ ትናንት ከሰዓቱን ሙሉ ስቀባው ዋልኩ። አንዱንም ክፍል አልዘለልኩም። ጾም ስለሆነ ቅቤው ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር።»

ሽማግሌ የላከብኝ ሰው ነው። እንድወድቅ የሚፈልግ ሰው ነው። እሱ ራሱ ተቀምጦ ያገር ቤት ቅቤውን፣ በሰው በሰው ከአዲስ አበባ ያስመጣውን፣ ለዘንጌ ሲያጠጣ ዋለ።

«እንድሸነፍ አልፈለግክም እንዴ?» አልኩት።

«ፈልጌያለሁ። ግን ወግ ባለው ዕቃ ተሸነፊ። የኛ ቤት ሰው በተሰነጠቀ ዱላ ወጣች ይባል?»

በዚያች ደቂቃ ላንቀውም ፈለግኩ፣ ላቅፈውም ፈለግኩ። እንባዬ መጣ። የሆነውን ነገርኩት፤ ማጥበቂያውን፣ ቅቤውን ያቀለጠችውን ፀሐይ፣ የሰውዬውን ሸሚዝ። ፊቱ ጠቆረ። ከልቡ አዘነ፤ አይቼዋለሁ። ያም ሆኖ አመሉ አመል ነው።

«አይዞሽ በቃ» አለኝ። «ሰኞ ትገቢያለሽ። ቃል ሰጥተሻል።»

«ሰኞ አልደረሰም። ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«ወድቀሻል እኮ!»

«ቃል የሰጠሁት በዘንጌ ነው እንጂ በቅቤህ አይደለም። አሁን ኮትህን አውልቅና ሙቅ ውሃ አምጣ።»

ዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ሙቅ ውሃ፣ የጥርስ ብሩሽ። ዘንጉን ክፍል በክፍል ፈታን። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ የስልሳ አንድ ዓመቱ ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የማጥበቂያዎቹን ጥርስ በጥርስ ብሩሽ ሲፈትግ ነበር። አንዱን ጨርሶ ሲሰጠኝ በጣቴ እሞክረውና «ያድጣል፣ ድገመው» እለዋለሁ። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። በሕይወቴ ጋሼን ድገመው ብዬው አላውቅም ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ይላል።

ዓርብ ጠዋት እኔ፣ ጋሼና የቦዳው ሰው ሦስታችንም ካምዎክያ በር ላይ ነበርን። ጋሼ ኮትና ክራባት አድርጎ መጥቷል፤ «እኔ ያበላሸሁትን ልይ» ብሎ ነው። ቀና ብለን ሕንፃውን አየነው። የግራው ግማሽ ደርቆ፣ አንዲት ነጥብ ሳይኖርበት፣ ሰማዩን ያሳያል። የቀኙ ግማሽ የድሮው አቧራ ነው። መሐሉ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ቀና ብሎ ቆየ።

አስተዳዳሪው ሲመጣ ሊያባርረኝ አፉን ከፈተ። አልደረሰም። የቀኙ ግማሽ ተከራዮች ቀደሙት። ምድር ላይ ሱቅ ያላት ልብስ ሰፊ «የነሱን አጥባችሁ የኔን ለምን ተዋችሁት? እኔ ኪራይ አልከፍልም?» ትለዋለች። ከላይ አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ ይጮህበታል። ሰውዬው እኔን አየ፣ ሕንፃውን አየ።

«ግማሹን ጨርሺና ሂጂ» አለኝ።

ዘንጉን መዘዝኩ። ማጥበቂያዎቹ ቀጭ፣ ቀጭ እያሉ ነከሱ። ፀሐይዋ ወጣች፤ ዘንጉ ፍንክች አላለም። ትከሻዬ ይቃጠላል፣ አንገቴ ይሰበራል፤ ግድ የለኝም። ጎማው ጀሪካኖቹ ላይ እንዳይጠላለፍ መያዝ ነበረበትና ጋሼ ሳይጠየቅ ኮቱን የቦዳው ወንበር ላይ አስቀምጦ ያዘው። ክራባቱ እስከ ወገቡ ራሰ። ሦስት ሰዓት ላይ ጨረስን። መስታወቱ ዓይናችን እያየ ደረቀ።

አስተዳዳሪው ከዳር እስከ ዳር ተራመደ፣ ጠጋ ብሎ አየ፣ በጣቱ ነካ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ጋሼ ሄደ። ወደ ጋሼ!

«ቦስ፣ ጥሩ ነው» አለው። «ለዓመቱ እንስማማ። አራቱንም ጎን ትሠራላችሁ አይደል?»

«አራቱንም!» አለ ጋሼ ደረቱን ነፍቶ። አስተናጋጅ ለጠየቀው ደንበኛ «ሁሉም አለ» እንደሚለው ነው የመለሰው።

«ሦስት» አልኩ እኔ።

ሰውዬው ዞር ብሎ አየኝና ወደ ጋሼ ተመለሰ። «ቦስ፣ ሠራተኛህ ምን እያለች ነው?»

ጋሼ ወደኔ ተጠጋና በአማርኛ ሹክ አለኝ። «አንቺ፣ እሺ በይው እንጂ! ሥራው ሊያመልጥሽ እኮ ነው!»

«ያምልጠኛ!» አልኩት። «ያንን ሽቦ አየኸው?»

አየው። ያኔ ነው ያየው። ቀለሙ ሲለወጥ አየሁ።

ለሰውዬው በሚገባው ቋንቋ ነገርኩት። ሽቦው ከመስኮቶቹ የክንድ ርቀት የለውም። ውሃ የሚያፈስ ዘንግ ይዞ እዚያ የሚቆም ሰው ይሞታል። የእኔ ዘንግ ሽቦ የማይፈራ ዓይነት ነው ይባላል፤ ቢሆንም አልሞክረውም። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ እሠራዋለሁ ካለህ ሥራውን አያውቅም ማለት ነው። የመብራት ሰዎች ሽቦውን እስኪያነሡ ድረስ ያኛው ጎን ሳይታጠብ ይቀራል። ከተስማማህ ሦስት ጎን፣ ካልተስማማህ ደህና ዋል።

ሰውዬው እምቢ ካለ ሰኞ የት እንዳለሁ አውቃለሁ። የሽንኩርቱን ጆንያ ሳይቀር አየሁት። ግን ለኩሽና ብዬ አልሞትም፤ ከኩሽና ለማምለጥም ብዬ አልሞትም።

የአስተዳዳሪው ስልክ ጮኸ፣ አላነሣውም። ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ጋሼ ዞረ። «ቦስ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

ጋሼ እጁ ላይ ያለውን ጎማ አየ። የራሰ ክራባቱን አየ። በእኔ ፋንታ ሲመልስ የኖረ ሰው ነው፤ ለባንክ ቤቱ፣ ለሐኪሙ፣ ለቄሱ። አፉን ከፈተ።

«እኔ ጎማ ያዥ ነኝ» አለው። «እሷን ጠይቃት።»

ሰውዬው ያን ጊዜ ወደ እኔ መጣ። ሦስት ጎን፣ በየሁለት ወሩ፣ ዓመቱን ሙሉ። ወረቀቱን የቦዳው ወንበር ላይ ዘርግቼ ፈረምኩ። የቦዳው ሰው አጨበጨበ፤ ልብስ ሰፊዋም ከሱቋ ሆና እልል አለች፤ ምን እንደሆነ እንኳ አታውቅም።

ጋሼ ጎማውን መጠቅለል ጀመረ። እየጠቀለለ፣ ቀና ሳይል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«እና ሰኞ ኩሽናው ማን ሊገባ ነው?»

«ሰው ቅጠር» አልኩት። «ደሞዝ እየከፈልክ።»